ስንጥቁን ከመድፈናችሁ በፊት ለኩት
በታሪካዊ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ለመድፈን አትቸኩሉ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥቦችን በእርሳስ አድርጉ፤ ጫፉ የደረሰበትንም ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት በየወሩ በሚሊሜትር ለኩ፤ ማስመሪያውን አስጠግታችሁም ፎቶግራፍ አንሱ። (ጥንታዊ ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ ግን በፍጹም እንዳትጽፉ!)

ዓመቱን ሙሉ ርቀቱ ካልተለወጠ ስንጥቁ የቆመ ነው፤ በኖራና በአሸዋ ድብልቅ መሙላት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ሲሚንቶ አታስጠጉት፤ እርጥበቱን ግድግዳው ውስጥ ያፍነዋል። ከወቅት ወደ ወቅት የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ከመሠረቱ ሥር ነው፤ ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እንዲህ ያለውን ላዩን ብቻ መለሰን ገንዘብ መበተን ነው።

ይህ የልኬትና የፎቶግራፍ መዝገብ ለጥገና የገንዘብ ድጋፍ ስታመለክቱ ከረጅም ደብዳቤ የበለጠ ይናገርላችኋል። ብዙ ድጋፍ ሰጪዎች ከፈቃዳቸው በፊት ለተጀመረ ሥራ ስለማይከፍሉ፣ ውሳኔው በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ ጥገና አትጀምሩ።

ግድግዳው ከጎበጠ ወይም ስንጥቁ በቀናት ውስጥ ከሰፋ ግን ልኬቱን ተዉትና ያኔውኑ መሐንዲስ ጥሩ።