ከወገብ ጉዳት በኋላ ወደ ብረትና ወደ ዋና መመለስ

መጀመሪያ ሐኪምህን ወይም ፊዚዮቴራፒስትህን አማክር። በብልትህና በመቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ከተፈቀደልህ በውሃ ጀምር። ገና አትዋኝ። እስከ ደረትህ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራመድ፤ ውሃው አብዛኛውን ክብደትህን ስለሚሸከምልህ ወገብህ እፎይ ይላል። ቀጥሎ በጀርባህ ዋኝ። ፍሪስታይል (በደረት ተኝቶ እጅን እያፈራረቁ መዋኘት) ስትጀምር ለመተንፈስ ጭንቅላትህን ወደ ላይ አታንሳ፣ ሰውነትህን በሙሉ ወደ ጎን አዙር። የእንቁራሪትና የቢራቢሮ ዋና ወገብን ወደ ኋላ ስለሚለምጡ ይቆዩ።

ብረቱ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንቸኩለው። ከብረቱ በፊት በእጅህና በጉልበትህ ተንበርከክ፣ ቀኝ እጅህንና ግራ እግርህን ዘርጋ፣ 10 ሰከንድ ያህል ያዝ፣ ከዚያ ቀይር። ወገብህ ላይ ቡና የሞላ ሲኒ እንደተቀመጠ አስብና እንዳይፈስ ተጠንቀቅ! ይሄ ሳይንቀጠቀጥ ከሆነልህ ዳሌህን ወደ ኋላ እየገፋህ ማጎንበስን ተለማመድ፤ ሁለት እጅህ በዕቃ ተይዞ በር በመቀመጫህ ስትዘጋ የምታደርገው ዓይነት ነው። ከዚያ ቀላል ዳምቤል ደረትህ ላይ ይዘህ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሥራ። ለዴድሊፍት (ጎንበስ ብሎ ብረት ከመሬት ማንሳት) 20 ኪሎ የሚመዝነው ባዶ ዘንግ ራሱ ሊከብድህ ይችላል፣ ከፍ ካለ ነገር ላይ አስቀምጠህ አንሳው። ድሮ የምታነሳውን ኪሎ ለጊዜው እርሳው።

ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳህ ከባድ አታንሳ፤ ሌሊት በአከርካሪህ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ ስለሚመጥጡ ጎንበስ ስትል የበለጠ ይጨነቃሉ። ሕመሙ በማግስቱ ከጨመረ ወይም ወደ እግርህ ከወረደ ክብደቱን ቀንስ፣ ካልተሻለህ ተመልሰህ ታይ።