በበተን ስልክ የተቀዳ ድምፅ አልከፈት ሲል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወይ ባቲ፣ ብዙ ቤት ውስጥ አንድ የድሮ ሚሞሪ አይጠፋም። በበተን ስልክ የተቀዳ የሸሆች መንዙማ፣ የሰርግ ጭፈራ፣ የአያት ምርቃት አለበት። አዲስ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩት ግን ፋይሉ ዝም ይላል። "ተበላሽቷል" ብሎ የሚያጠፋው ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አታጥፉት፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ በሙሉ እዚያው አለ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ሚሞሪውን ስትሰኩ "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ። ሞባይል ቤት ከወሰዳችሁትም ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ አድርጉና የምትነካኩት ኮፒውን ብቻ ይሁን።

ችግር፦ "ይህን ፋይል ማጫወት አይቻልም" ይላል

የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ኤኤምአር (amr) የሚል ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኤኤምአር ለስልክ ንግግር የተሠራ ፎርማት ነው፤ 3ጂፒፒ የተባለው የሞባይል ደረጃ አውጪ ጥምረት በ1999 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። የድሮ ስልኮች የወደዱት ቦታ ስለማይፈጅ ነው። በከፍተኛው ጥራት እንኳ በሰከንድ 12.2 ኪሎቢት ነው፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ 6 ሜጋባይት አይሞላም። ኮምፒውተር ላይ ያለው ማጫወቻ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

መፍትሄው ቀላል ነው፤ ቪኤልሲ (VLC) የተባለውን ማጫወቻ ጫኑ። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ይሠራል።

ችግር፦ ስሙን ኤምፒ3 ብለን ቀየርነው፣ አሁንም እምቢ አለ

ስም መቀየር ውስጡን አይቀይርም። እንዲያውም ማጫወቻውን ያሳስተዋል። የቀድሞ ስሙን ከረሳችሁት ኮፒውን በኖትፓድ ክፈቱት። ትርጉም የሌለው ምልክት ይዘረገፋል፤ እናንተ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እዩ። "#!" ካለና ኤኤምአር የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከተከተሉ ነገሩ አለቀ፤ ስሙን መልሱለት። ኖትፓዱን ስትዘጉ ግን ሴቭ እንዳታደርጉ! ሴቭ ካደረጋችሁ ያኔ በእውነት ይበላሻል።

ችግር፦ ይከፈታል፣ ግን ድቤው ይንሻፈፋል

በወሎ ቅጂዎች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የመሪው ድምፅ ደህና ይሰማል። ተቀባዮቹ ሲገቡ፣ ድቤውና ጭብጨባው ሲደርብ፣ ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ምክንያቱ ኤኤምአር የሰውን ጉሮሮ አስቦ የተሠራ መሆኑ ነው። ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ነው የሚለካው፤ ስለዚህ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ገና ሲቀዳ ቀርቷል። የቀረውንም አንድ ሰው እየተናገረ ነው ብሎ ነው የሚጨምቀው። ከበሮ፣ ማሲንቆና የብዙ ሰው ድምፅ በአንድ ላይ ሲመጡበት ግራ ይጋባል።

ይህን የሚመልስ ፕሮግራም የለም። "ጥራቱን እጨምርልሃለሁ" ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። ማድረግ የምትችሉት እንዳይብስ መጠበቅ ነው። ወደ ሌላ ፎርማት ስትቀይሩ ኤምፒ3ን ተዉትና ወደ ዋቭ ወይም ፍላክ ቀይሩ፤ እነዚህ ከዚህ በኋላ ምንም አይቀንሱም። ቪኤልሲ ላይ ሚዲያ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ኮንቨርት የሚለውን ነክታችሁ ፍላክን ምረጡ። ዋናውን ኤኤምአርም አስቀምጡት። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት።

ችግር፦ ርዝመቱን አዛብቶ ያሳያል፣ ወደፊት ማስኬድም አይቻልም

ኤኤምአር ርዝመቱን ራሱ ላይ አይጽፍም፤ ማጫወቻው ይገምታል። የፋይሉን መጠን ተመልከቱ። 2 ሜጋባይት ከሆነ ቢያንስ 20 ደቂቃ ድምፅ መያዝ አለበት፤ "3 ደቂቃ" ቢላችሁ አትመኑት። ወደ ዋቭ ወይም ፍላክ ሲቀየር ይስተካከላል።

ችግር፦ መጠኑ ትልቅ ነው፣ ቪኤልሲም አይከፍተውም

የስሙ መጨረሻ 3ጂፒ (3gp) የሚል ከሆነ፣ ማለትም ድምፁ እንደ ሣጥን ባለ ሌላ ፎርማት ውስጥ ከተቀመጠ፣ ሲቀዳ ባትሪ አልቆ ሊሆን ይችላል። ኤኤምአር ብቻውን ሲሆን እያንዳንዷ 20 ሚሊሰከንድ ለብቻዋ ስለምትቀመጥ፣ ቢቋረጥም እስከተቋረጠበት ድረስ ይጫወታል። 3ጂፒ ግን ብዙ ጊዜ ማውጫውን፣ ማለትም ድምፁ ፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ ለማጫወቻው የሚነግረውን ዝርዝር፣ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ፣ ቅጂው ሲቆም ነው። ስልኩ በድንገት ከጠፋ ማውጫው አይኖርም፤ ድምፁ ግን ውስጥ አለ። እንደ አንትራንክ (untrunc) ያሉ ፕሮግራሞች በዚያው ስልክ የተቀዳ ሌላ ጤነኛ ፋይል እንደ ናሙና አይተው ማውጫውን እንደገና ይሠራሉ። ሁሌ አይሳካም፤ ግን ሊሞከር ይገባዋል። ስልኩ ቤት ውስጥ ካለ ቻርጅ አድርጉትና አንድ ደቂቃ አዲስ ድምፅ ቅዱበት። ከሌለ ሚሞሪው ላይ የሚከፈት ሌላ 3ጂፒ ፈልጉ።