ከረጢቱን አትውቀሱት፦ በአየር ሰስፔንሽን ጥገና ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት አንድ ጎኑ ወርዶ ሲገኝ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ አየር ከረጢቱ፣ በባሌስትራ ፈንታ መኪናውን በአየር ወደሚሸከመው የጎማ ከረጢት ነው። የሟሸሸው እሱ ስለሆነ ጥፋተኛውም እሱ ይመስላል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ደውሎ ከረጢት ያዛል፤ ዕቃው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ይደርሳል፤ ይገጠማል፤ በማግስቱ መኪናው እንደገና ተንጋዶ ያድራል። አገር አቋራጭ አውቶቡስም ይሁን፣ አልጋና ማዕድ ቤት ያላቸው የጉዞ መኪኖች፣ ታሪኩ አንድ ነው። አየሩ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ከቱቦ መጋጠሚያ፣ ከሻንሲው ጋር እየተፋተገ ከሳሳ ቱቦ ወይም ከከፍታ መቆጣጠሪያው ቫልቮላ (መኪናው ከፍታውን እንዲይዝ ወደ ከረጢቱ አየር ከሚያስገባውና ከሚያስወጣው) ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ሳይፈትሹ ዕቃ መግዛት ነው። ፍተሻው ከባድ አይደለም። መኪናው በብረት መቆሚያ ተደግፎ አየሩ ከወጣ በኋላ፣ ከከፍታ ቫልቮላው ወደ ከረጢቱ በሚሄደው ቱቦ መካከል ትንሽ መዝጊያ ይገጠማል። አየር ሞልታችሁ መኪናው ከፍታውን ሲይዝ መዝጊያውን ዝጉና አሳድሩት። ጠዋት ያ ጎን ካልወረደ ከረጢቱ ንጹሕ ነው፤ ፍለጋው ወደ ቫልቮላው ይሂድ። ከወረደ ደግሞ ከመዝጊያው እስከ ከረጢቱ ያለውን ብቻ ፈትሹ። ማታ የአራቱንም ማዕዘን ከፍታ በሜትር ለክቶ መጻፍም አይጎዳም፤ በዓይን ግምት የሚሠራ ሰው ጎንደር ውስጥ ደልዳላ ቦታ ላይ የቆመ መስሎት ዳገት ላይ ቆሞ ይሆናል።

የወረደው ጎን ሁልጊዜ የሚያፈሰው ጎን አይደለም። በብዙ መኪኖች ላይ ከኋላ በየጎኑ አንድ አንድ፣ ከፊት ግን ለሁለቱም ከረጢቶች አንድ ከፍታ ቫልቮላ ብቻ አለ። የፊቶቹ በቱቦ ስለሚገናኙ ከአንደኛው የሚወጣው አየር ሁለቱንም ያራግፋል፤ መኪናው የሚያጋድለውም ክብደት ወዳለበት ነው። በአንድ የጥምቀት ሰሞን የመጣ የጉዞ መኪና ፊቱ በቀኝ ወርዶ ስለነበር ሹፌሩ የቀኙን ከረጢት መንገድ ላይ አስቀይሮ ነበር። የሚነፍሰው በግራ በኩል ያለው መጋጠሚያ ነበር። የውኃ ታንከሩ በቀኝ በኩል ስለተቀመጠ ክብደቱ መኪናውን ወደዚያ አዘነበለው እንጂ የቀኙ ከረጢት ምንም አልሆነም።

ወደ ጎሚስታ ስለሚወሰደው ከረጢት ስጽፍ ግን ትዕግሥት አይኖረኝም። ጎሚስታዎቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ሌላው ቀርቶ እኔ የጣልኩትን ጎማ አድነው ሲሸጡ አይቻለሁ። የአየር ከረጢት ግን ከመነዳሪ አይደለም! ከመነዳሪ በውጭው ጎማ ታቅፎ ስለሚቀመጥ ልጣፉን ጎማው ይደግፍለታል። ከረጢቱ የሚያቅፈው የለም። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባና በወጣ ቁጥር ግድግዳው ከሥሩ ባለው ፒስተን ላይ እየታጠፈ ይወርዳል፣ እየተዘረጋ ይወጣል፤ ልጣፉ ያረፈበት ቦታ በእያንዳንዱ እጥፋት ይላጣል። ደግሞም የከረጢቱ ጉልበት ያለው በጎማው መካከል በተቀበረው ክር ላይ ነው። ክሩ ከተበጠሰ ልጣፉ አየር ቢይዝ እንኳን ጉልበቱን አይመልስም። ግቢ ውስጥ ቆሞ አንድ ሌሊት ሲያድር ባለቤቱ «ይኸው ያዘ!» ብሎ ይደሰታል፤ በማግስቱ ተሳፋሪ ጭኖ የመተማን መንገድ ሲጀምር አይከል ሳይደርስ ይፈነዳል። በሙጫ የተለጠፈ፣ በከመነዳሪ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ከዚያም በሽቦ የተጠፈረ ከረጢት ይዘው መጥተው «ጋሼ፣ እስከ ባሕር ዳር ብቻ ያድርሰኝ» የሚሉኝ አሉ። አያደርስም። ልጣፍ እንድሠራላችሁ አትለምኑኝ። ላዩ ላይ የሚታዩ ስስ ስንጥቆች በራሳቸው ከረጢቱን አያስጥሉትም፤ ክሩ ብቅ ካለ ግን አብቅቷል። አንዱ በእርጅና ከሄደ በዚያው አክሰል ላይ ያለው ጓደኛውም አብሮት ያረጀ ነውና ጥንዱን መቀየር ይሻላል።

አዲስ ከረጢት ገጥሞ ሾክ አብዞርበሩን አለማየት ገንዘብ መጣል ነው። መኪናው ወደ ላይ ሲነጥር ከረጢቱ ከልኩ በላይ እንዳይለጠጥ የሚይዘው በብዙ መኪኖች ላይ ሾኩ ነው። ሾኩ ከተሰበረ አዲሱ ከረጢት ከላይ ካለው ብረቱ ተነቅሎ ይቀደዳል፤ ወቀሳውም «የቻይና ዕቃ» ላይ ያርፋል።

ወጣት መካኒኮችን የምቆጣው በቱቦ አቆራረጥ ነው። የናይለን ቱቦ በፒንሳ ሲቆረጥ ጫፉ ይጨፈለቅና ክብነቱን ያጣል፤ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ክብ ያልሆነን ነገር አያሽግም። በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጫፉ ላይ ጭረት ካለ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁረጡት፤ ከዚያም የመጀመሪያው መያዣ ላይ ሳትቆሙ እስከ መጨረሻው ግፉት። ግማሽ መንገድ የገባ ቱቦ ባዶ መኪና ላይ አየር ይይዛል፣ ጭነት ሲመጣ ያፏጫል።

ሚሊ ሜትርና ኢንችን ማዳቀልም አለ። እዚህ የምናገኘው ቱቦና መጋጠሚያ በአብዛኛው በሚሊ ሜትር ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ መኪና ግን በኢንች ነው። የሦስት ስምንተኛ ኢንች ቱቦ የውጭ ስፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል፣ የያዘም ይመስላል። ሩብ ኢንቹ 6.35 ስለሆነ 6 ሚሊ ሜትር ውስጥ አልገባ ሲል በሞረድ የሚያቀጥኑት አይቻለሁ።

ነጩን የቧንቧ ቴፍሎን ለቧንቧ ሠራተኞች ተዉላቸው። ቁራጩ በአየር ተገፍቶ ከፍታ ቫልቮላው ውስጥ ሲገባ ቫልቮላው በደንብ መዝጋት ያቅተዋል፣ አንድ ልቅ (አየር የሚያመልጥበት ቦታ) የነበረው መኪና ሁለት ልቅ ይኖረዋል። በመጋጠሚያው ጥርስ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ማሸጊያ ተጠቀሙ።

የሚያስፈራኝ የጥበቃ ቫልቮላውን መዝለል ነው። ፍሬኑና ሰስፔንሽኑ የሚጠጡት ከአንድ ኮምፕረሰር ነው። በመካከላቸው ያለው ቫልቮላ ግፊቱ ወደ 5 ባር አካባቢ ሲወርድ የሰስፔንሽኑን መንገድ ዘግቶ የቀረውን አየር ለፍሬን ያስቀምጣል። ከረጢት የሚያፈስ መኪና ጠዋት ለመነሣት ስለሚዘገይ አንዳንዱ «ይህ ነው የሚያዘገየው» ብሎ ቫልቮላውን አውጥቶ በቀጥታ ቱቦ ያገናኛል። መኪናው በእርግጥ ቶሎ ይነሣል። አሁን ግን የተቀደደ ከረጢት የፍሬኑን አየር ጭምር ይዞ ይወጣል። ይህን የሠራ ሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን እየዞረ የተቆረጠውን የሊማሊሞን መንገድ ከደባርቅ ቁልቁል ሲወርድ አስቡት፤ በየጠመዝማዛው ፍሬን ይረግጣል፣ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ቀዳዳ ለመሙላት ይለፋል። እንዲህ ተሠርቶ የመጣ መኪና ቫልቮላው ሳይመለስ ከጋራዣችን አይወጣም፤ ከባለቤቱ ጋር የተኳረፍንበትም ጊዜ አለ።

የከፍታ ቫልቮላውን ዘንግ እያጠፉ ልቁን ለመሸፈን መሞከርም ያው ነው። ከፍታው ከፋብሪካው ልክ ሲወጣ የካርዳኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ይበላሻል፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የካርዳን መስቀሉ ይበላል። አንዳንዱ ቫልቮላ ደግሞ ሆን ተብሎ የተወሰኑ ሴኮንዶች ዘግይቶ ነው የሚሠራው፤ ዘንጉን ነክቶ ወዲያው «አይሠራም» የሚል ሰው ደህናውን ቫልቮላ ይጥላል።

ልቅ ሲፈለግ የአየር ግፊት መለኪያው (ማኖሜትሩ) ሙሉ ይሁን፣ ሞተር ይጥፋ፣ ሰዓቱም ጠዋት ይሁን። የጎማ ቀለበቶች በጎንደር ብርድ ስለሚደርቁ ንጋት ላይ የሚያፏጨው መጋጠሚያ ቀትር ላይ ዝም ይላል። የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይሻላል፣ በረኪና ያለበት ግን መጋጠሚያውን ይበላዋል። አረፋው እስኪነሣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከታች ያለውን የአየር ማጠራቀሚያ በክረምት በየቀኑ አስተንፍሱት።

በአየር ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አትግቡ። ከረጢቱ ወይም ቱቦው ሲለቅ ሻንሲው ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ክሪክም አይበቃም፤ መቆሚያው ከሻንሲው ሥር ይግባ፣ ጎማው ታኮ ይደረግለት።

ጭራሽ ልቅ ሳይኖር የሚፈለግበት ጊዜም አለ። ባሌስትራ ላይ የሚታከሉና በእጅ የሚሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች ያሏቸው የጉዞ መኪኖች መተማ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት 4 ባር ሞልተው ይወጣሉ፤ ጎንደር ላይ በ10 ዲግሪ ንጋት ሲለኩ 3.7 ገደማ ያገኛሉ። ይህ የብርድና የከፍታ ሥራ ነው። በሁለተኛው ንጋት በዚያው ሰዓት ለኩት፤ ካልቀነሰ መጋጠሚያ አትፍቱ።

መቀየሩ ግድ ከሆነ አሮጌውን ከረጢት ጎሚስታው እንዳይወስደው ያዙት። ላዩ ላይ የታተመው ቁጥር ሳይታወቅ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ በመኪናው ስም ብቻ የሚልከው ዕቃ አጭር ወይም ረጅም ሆኖ ይመጣል። ቁጥሩ በጭቃ ከተሸፈነ እጠቡትና ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ፤ ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ የላይኛውን ብረት ስፋትና የቡሎኖቹን ርቀት ለኩ።