ከመለያየት በኋላ፦ ዕዳ ያለበትን ቤት መያዝ ወይስ መከራየት? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባልና ሚስት ሲለያዩ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ንብረትም ትልቁ ዕዳም ቤቱ ነው። በባንክ ብድር የተገዛ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ደሞዝ ታስቦ የተገዛ ነው። አሁን ያለው ግን አንድ ደሞዝ ነው። ውሳኔው ደግሞ እንቅልፍ በጠፋበት፣ ልብ ባዘነበት ሰሞን ይመጣል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ስህተቶች አስተዋይ ሰዎችም ይሠሯቸዋል።

ቤቱን የእልህ መወጫ ማድረግ

«ሞቼ ነው እንጂ ይህን ቤት አለቅም!» የሚል ሰው ስሜቱ ይገባኛል። ስንት ዓመት የተለፋበት ነው። ባንኩ ግን ማን በደለ፣ ማን ተበደለ አይልም። ወሩ ሲደርስ ክፍያውን ይጠብቃል። ቤቱን በእልህ የያዘ ሰው ከዓመት በኋላ ውዝፍ ተከማችቶበት፣ ተጣድፎ በርካሽ ሊሸጠው ይችላል።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። ትዝታው ስለከበደ ብቻ «ይቅርብኝ» ብሎ ቁልፉን ጥሎ መውጣት ድርሻን ያስቀራል፣ ዕዳውን ግን አያስቀርም።

ስም ከባለቤትነት ሲወጣ ከዕዳውም የወጣ መምሰል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ሰነድ አንድ ነገር ነው። ብድሩን ማን እንደሚከፍል የሚናገረው ውል ሌላ ነው። አንዱ ላይ ስም ስለተሰረዘ ሌላው ላይ አይሰረዝም።

ሁለታችሁም በጋራ ተበዳሪነት ከፈረማችሁ፣ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ዕዳ ከየትኛችሁም መጠየቅ ይችላል። «የእኔ ግማሹ ብቻ ነው» የሚል መልስ አይሠራም። በፍቺ ስምምነታችሁ «ብድሩን እሱ ይከፍላል» ተብሎ ቢጻፍም፣ ስምምነቱ የሚያስረው ሁለታችሁን ነው። ባንኩ እዚያ ላይ አልፈረመም። እሱ ክፍያ ቢያቆም ባንኩ እርስዎን ይጠይቃል። ከዚያ በስምምነቱ መሠረት እሱን መክሰስ የእርስዎ ሥራ ይሆናል። የክፍያ መዘግየቱም የሁለታችሁንም የብድር ታሪክ ያበላሻል። ሳይዘገይ ቢከፈል እንኳ፣ ወጥተው የሄዱት ሰው ሌላ ቤት በብድር ልግዛ ሲሉ የድሮው ብድር እንደ እርስዎ ዕዳ ይቆጠራል።

መውጫው ጥቂት ነው። ባንኩ የቀሪውን ሰው ገቢ መርምሮ ሌላውን ከውሉ ነፃ ማድረጉን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ወይም ቤቱን የሚይዘው ሰው በራሱ ስም አዲስ ብድር ወስዶ አሮጌውን ይዘጋል። ካልሆነ ቤቱ ተሸጦ ዕዳው ይከፈላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከብድሩ ነፃ የሚያደርግዎትን ወረቀት ሳይዙ ባለቤትነቱን አሳልፈው አይፈርሙ። አለዚያ ቤቱ የሌላ ሰው፣ ዕዳው የእርስዎ ሆኖ ይቀራል።

በድሮው ወርሃዊ ክፍያ ማስላት

«እስከ ዛሬ የምንከፍለውን ብቻዬን እከፍላለሁ» የሚለው ስሌት የሚሠራው የድሮው ብድር እንዳለ ከቀጠለ ነው። ግን የሌላውን ድርሻ መክፈልም አለ።

ቤቱ ዛሬ 200,000 ያወጣል፣ ቀሪ ዕዳው 120,000 ነው እንበል። ዕዳው ሲቀነስ 80,000 ይቀራል። እኩል ከተካፈላችሁ ከቤቱ ለሚወጣው ሰው 40,000 ይደርሰዋል። ይህን በብድር የሚሸፍን ሰው አዲሱ ዕዳው 160,000 ይሆናል። ደሞዙ ከሁለት ወደ አንድ ሲወርድ ዕዳው በሲሶ ጨመረ ማለት ነው።

ወለዱም በዛሬው መጠን ይሰላል። በ30 ዓመት የሚከፈል 100,000 ብድር በ6 በመቶ ወለድ በወር ወደ 600 ይመጣል። በ9 በመቶ ከሆነ ወደ 805 ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ባንኩ ለእርስዎ ብቻ ስንት እንደሚያበድርና በስንት ወለድ እንደሆነ ጠይቁ፣ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የቤቱን ዋጋም በተገዛበት ዋጋ ወይም በጎረቤት ወሬ አትገምቱ። ሁለታችሁም የምታምኑት ገለልተኛ ገማች ይየው።

«ኪራይ የባከነ ገንዘብ ነው» ብሎ መደምደም

ይህን አባባል ዘመድም ጓደኛም ይደጋግመዋል። እስቲ ያንኑ የ6 በመቶ ብድር እንየው። ከመጀመሪያው ወር 600 ክፍያ ውስጥ 500ው ወለድ ነው። ከዋናው ብድር የሚቀንሰው 100 ብቻ ነው። በ5 ዓመት ወደ 36,000 ተከፍሎ ዕዳው የሚቀንሰው ወደ 7,000 ብቻ ነው። ወለዱም እንደ ኪራዩ ተመልሶ አይመጣም።

በዚያ ላይ መድን፣ የንብረት ግብርና ጥገና አለ። ለጥገና በዓመት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያህል መያዝ የተለመደ ስሌት ነው፤ ያረጀ ቤት ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራይ አከራዩን ይጠራል። ባለቤት ከኪሱ ያወጣል።

ለቤቱም መፍረድ ያስፈልጋል። ወለዱ የማይለዋወጥ ከሆነ ክፍያው ባለበት ይቆያል፣ ኪራይ ግን ይጨምራል። የቤቱም ዋጋ ሊያድግ ይችላል። ረጅም ዓመት ለሚኖርበት ሰው ቤቱ ያዋጣ ይሆናል። በሁለት ዓመት ውስጥ ልሸጠው እችላለሁ ለሚል ሰው ግን የብድርና የሽያጭ ወጪው ጥቅሙን ሊበላው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መከራየቱ ይሻላል እላለሁ።

ቁጠባንና ጡረታን ለቤቱ ሲሉ መተው

«ቤቱን ስጪኝ፣ ሌላውን ሁሉ ውሰጂ» የሚል ድርድር ይሰማል። ግድግዳ ግን ለሕክምና አይመነዘርም። ሥራ ቢቋረጥ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ ሳይኖር ቤት መያዝ አደገኛ ነው።

«ለልጆቹ ስል» ብሎ ስሌቱን መዝለል

ይህ ልብ የሚነካ ምክንያት ነው፣ ቀላልም አይደለም። ልጆች በዚህ ወቅት የለመዱት ነገር እንዳይናጋባቸው ያስፈልጋል። ግን የለመዱት ቤቱን ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤታቸው፣ ጓደኞቻቸው፣ ሰፈራቸውም አሉ። እዚያው አካባቢ አነስ ያለ ቤት ተከራይቶ ይህን ማቆየት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ክፍያውን ለመሙላት ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ወይም አባት ማታ ከልጅ ጋር የምትቀመጥበት ጉልበት አይኖራትም፣ አይኖረውምም። ልጆቹ ከክፍላቸው ይልቅ ያንን ሰዓት ይፈልጉታል።

ቀን ሳይቆርጡ በቃል መስማማት

ወዲያው መወሰን ግዴታ አይደለም። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ አንዳችሁ ለጊዜው ቤቱ ውስጥ ልትቆዩ ትችላላችሁ፤ ለምሳሌ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ። ክፉው «እንዲሁ እንያዘው» ተብሎ ሲተው ነው። በጽሑፍ አስፍሩት። ወርሃዊ ክፍያውን ማን ይከፍላል? መድኑንና ትልቁን ጥገናስ? አንዱ ብቻውን የከፈለው ሲካፈሉ ይታሰብለታል ወይ? አንዱ ክፍያ ቢያቆም ምን ይደረጋል? ቤቱ የሚሸጥበት ወይም በአንድ ሰው ስም የሚዛወርበት ቀን መቼ ነው? ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ለየራሳችሁ የሕግ ባለሙያ አሳዩት። አንድ ባለሙያ ለሁለታችሁም ባይቆም ይመረጣል።