የሰው መደርደሪያ ስታዩ እንዳትሳሳቱ

ሥራዬ አሮጌ መጻሕፍት መግዛትና መሸጥ ነው። ብዙ ጊዜ የምጠራው ሰው ሲሞት፣ ሲሰደድ ወይም ቤት ሲፈርስ ነው። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ሳወርድ ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ቀስ በቀስ ይገባኛል። ቤተሰቡ ግን ብዙ ጊዜ አሳስቶ ያነበዋል።

አንደኛው ስህተት በርዕስ መፍረድ ነው። የሌኒን ቅጾች ተደርድረው ሲታዩ «አባባ ለካ ካድሬ ነበሩ!» ይባላል። ረጋ በሉ እንጂ! የሞስኮው ፕሮግሬስ አሳታሚ እነዚህን መጻሕፍት በአማርኛ ሳይቀር ያወጣቸው ነበር፤ ዋጋቸውም ርካሽ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ ከዚያ መቅረት ደግሞ ያስጠረጥራል። እስቲ ግለጡት። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በኋላ ያለው ወረቀት እጅ ያልነካው ከሆነ ለስብሰባ የተገዛ ነው። እስከ መጨረሻው በእርሳስ ተሰምሮበት ካገኛችሁት፣ ያኔ እናወራለን።

ሁለተኛው፣ የጎደለውን አለማየት። የ1950ዎቹ መጻሕፍት ሞልተው ከ1966 እስከ 1970 ያለው ጊዜ ባዶ የሆነበት መደርደሪያ ብዙ አጋጥሞኛል። «በወጣትነቱ ማንበብ ትቶ ነበር» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ነበር። ሰው መጽሐፉንና ወረቀቱን አቃጠለ፣ ሽንት ቤት ጣለ፣ ጓሮ ቀበረ። ባዶው ቦታ የማን እንደሆነ ከቤቱ ሽማግሌዎች ጠይቁ።

ዓመት ማምታታትም አለ። የውስጥ ሽፋኑ ላይ «77» ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የድርቁ ዘመን ነው። በፈረንጅ ከሆነ ግን 1969 ወይም 1970 ነው፤ ቀይ ሽብር ማለት ነው። ውጭ ተምረው የመጡ ሰዎች በፈረንጅ መጻፍ ይወዱ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የታተመበትን ዓመት እዩ። በ1972 የታተመ መጽሐፍ በ1969 አይገዛም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፤ የመጀመሪያውን ገጽ መቅደድ! «ስም ስላለበት ዋጋው እንዳይቀንስ ብለን ነው» ይሉኛል። ማን እንዲህ አላችሁ? ሰውየው ያለው እኮ እዚያ ገጽ ላይ ነው! ለሚስቱ ልደት የጻፈው ቃል እዚያ ነው። የትምህርት ቤት ሽልማት መሆኑ እዚያ ነው። ተውሶ ያልመለሰው ከሆነም ማኅተሙ ያጋልጠዋል። ጭራሽ ዳዊትና መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የልደት ካርድ በማይታወቅበት ቤት የልጅ ልደት፣ ክርስትና፣ የሞተ ሰው ቀን የሚጻፈው እዚያው ላይ ነበር። አንድ ቤት ስደርስ የወንድማማቾቹ ሁሉ ልደት የተጻፈበትን ገጽ «ቆሽሿል» ብለው ቀድደው ከሰል አያይዘውበታል። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ታላቅየው ለውጭ ጉዞ የልደቱን ቀን ማስረጃ ፍለጋ ሲንከራተት እንደነበር ያወቅኩት እዚያው ቡና ስንጠጣ ነው። እባካችሁ፣ አትቅደዱ! ብትፈልጉ ዳዊቱን አትሽጡልኝ፤ ቤታችሁ ይቀመጥ።

የጋዜጣ ሽፋንም ቶሎ አትግፈፉ። መጀመሪያ ቀኑን አንብቡ፤ መጽሐፉ መቼ ግድም እንደተሸፈነ ይነግራችኋል። አንዳንዴ ደግሞ የተሸፈነው እንዳይቆሽሽ ብቻ አይደለም። በ1975 ታትሞ ከገበያ የተሰበሰበውን «ኦሮማይ»ን እንዲህ ተጠቅልሎ አግኝቼዋለሁ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቤት ስትሄዱ መጽሐፉን በቁጥር አትለኩ። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣ ኪሎ ተጋፍቶ የገባ ነው። ከዚያ ሁሉ የትኛው እንደተመረጠ እዩ።

ያልተነበበ መጽሐፍ ሁሉ ለታይታ ነው የምትሉም ተዉ። ለጡረታ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው።

ብራና ካገኛችሁ ግን እኔንም ሌላ ነጋዴም አትጥሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ «ገዢ አለኝ» የሚላችሁ ደላላ ይህን አይነግራችሁም። ቅርስ ባለሥልጣን ሄዳችሁ አስመዝግቡት።