በፖስታ የላካችሁት ውድ ዕቃ ሲጠፋ ካሳ እንዴት ትጠይቃላችሁ

መጀመሪያ ደረሰኙን ፈልጉና የትራኪንግ (ዕቃው የት እንደደረሰ የሚከታተሉበት) ቁጥሩን እዩት፣ ዓለም አቀፍ ፖስታ ከሆነ 2 ፊደል፣ 9 አሃዝ፣ ከዛ የተላከበትን አገር የሚያሳይ 2 ፊደል ነው በጠቅላላው 13፣ አንዷን ስትሳሳቱ ፍለጋው የትም አይደርስም ስለዚህ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት።

ክሌም (የካሳ ጥያቄ) የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ላኪው ነው። ተቀባይ ከሆናችሁ ላኪው ጋ ደውሉ፣ ካሳው ለናንተ እንዲከፈል መብቱን በጽሑፍ ሊያስተላልፍላችሁም ይችላል። በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት ጥያቄ የሚቀርበው ከተላከ በ6 ወር ውስጥ ነው፣ የኩሪየር (የግል ዕቃ አድራሽ) ድርጅቶች ገደብ ግን በጣም ሊያጥር ስለሚችል "ትንሽ ጠብቁ" ቢሏችሁም እየጠበቃችሁ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገቡና የፋይል ቁጥር ተቀበሉ፣ በስልክ ብቻ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ቁጠሩት።

ዋናው ነገር ስትልኩ ፎርሙ ላይ የምትጽፉት የዕቃው ዋጋ ነው። እኔ ቀለበት የላኩ ጊዜ ቀረጥ እንዳይበዛ ብዬ ፎርሙ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ጻፍኩ፣ ሲጠፋ የተከፈለኝ ያችው የጻፍኳት ብቻ ናት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ትክክለኛውን ዋጋ ጻፉ፣ የግዢ ደረሰኝ ከሌለ ወርቅ ቤት አስገምቱና ወረቀቱን አያይዙ። ጌጣጌጥና ጥሬ ብር ደሞ ኢንሹራንስ በሌለው ፖስታ ጭራሽ እንዳትልኩ፣ ብዙ ጊዜ ክልክል ስለሆነ ካሳም ላይኖረው ይችላል።

ፖስታው ተቀዶ ባዶውን ከመጣ ካርቶኑንም ቴፑንም አትጣሉ፣ እዛው ሰራተኛው ፊት አስመዝኑና አስፈርሙ። ከኦንላይን ሱቅ የገዛችሁት ከሆነ ግን መጀመሪያ ሻጩን ያዙ፣ እምቢ ካለ በካርድ የከፈላችሁበት ባንክ ጋ ሂዱና ገንዘባችሁ እንዲመለስ ጠይቁ።