ባክአፑ በስንት ሰዓት ነው? በማንስ ሰዓት?

እኔ የፋርማሲ ባለሙያ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። አዳማ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ግን የሽያጩ ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ደንበኞች «ዶክተር» ስለሚሉኝ ይሁን አላውቅም፣ ባልደረቦቼም ማሽኑን የማክመው እኔ እንደሆንኩ ቆርጠው ተቀምጠዋል። የምጽፍላችሁ በሥራ ላይ የተማርኩትን ነው፤ አብዛኛውን የተማርኩትም በአንድ ቅዳሜ ነው።

ሰኔ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍተው ሃርድ ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አልደነገጥኩም። ከወር ተኩል በፊት አንድ ቴክኒሺያን ጠርቼ ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ በየማታው ፍላሽ ላይ በራሱ እንዲወሰድ አስደርጌ ነበርና። «በስንት ሰዓት ይሁን?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ሁለት ሰዓት ተኩል» አልኩት። የምንዘጋው ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ገበያው ይቀዘቅዛል ብዬ ነው። እሱም 2፡30 ብሎ ሞላ። ለኮምፒውተሩ ግን ይህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ የጥበቃው አባባ እሳት እንዳይነሣ ብለው ብሬከሩን ካወረዱት አምስት ሰዓት አልፏል። ፍላሹ ላይ ያገኘሁት ቴክኒሺያኑ ግንቦት 1 ቀን ለሙከራ በእጁ የወሰደውን አንድ ፋይል ብቻ ነው። አርባ ሰባት ቀን ባዶ! በአባባ አልፈርድም፣ በቴክኒሺያኑም አልፈርድም። በአርባ ሰባት ቀን ውስጥ አንዴ እንኳ ፍላሹን ከፍቼ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ለቴክኒሺያን ሰዓት ስትነግሩ በሁለቱም አቆጣጠር ንገሩ፤ «ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ ሃያ ሰዓት ተኩል» በሉ። ከዚያም በዚያው ቀን ማታ አጠገቡ ቆማችሁ ሲወሰድ እዩ።

ማሽኑ ለማን ነው የሚያስታውሰው?

ብዙ ነጋዴ «ካሽ ሬጅስተር አለን አይደል፣ ሁሉም እዚያ ተመዝግቧል» ይላል። እኔም እል ነበር። ለገቢዎች የተመዘገበው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚይዘው መንግሥት ማወቅ የሚፈልገውን ነው። ማታ ማታ የምታወጡት ዜድ ሪፖርት የዕለቱን ሽያጭና ታክስ ይነግራችኋል። መደርደሪያው ላይ ስንት ፓኬት እንደቀረ፣ የትኛው ባች (በአንድ ጊዜ አብሮ የተመረተ መድኃኒት) ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ፣ ዱቤ ማን ስንት እንዳለበት ግን አይነግራችሁም። ያ ሁሉ ያለው የሽያጭ ፕሮግራሙ በሚያስቀምጠው ዳታቤዝ (የመረጃ መዝገብ) ውስጥ ነው፤ እሱን ከእናንተ በቀር የሚጠብቅላችሁ የለም።

ያን ሰኔ የብሩ ድምር በዜድ ሪፖርቶቹ ተገኘ። የገባውን ዕቃ ከአከፋፋዮች ደረሰኝ እያየን እንደገና መዘገብን። የወጣውን ለማወቅ ግን እያንዳንዱን ሳጥን አውርደን መቁጠር ነበረብን፤ አራት ሰዎች ሆነን ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ዱቤውማ ለየሰው ሕሊና ተተወ። አንዳንዱ ራሱ መጥቶ «ይህን ያህል አለብኝ» አለ። አንዳንዱ እስከ ዛሬ በወዲያኛው የመንገድ ዳር ነው የሚያልፈው። ከሁሉ የከፋው የባች ቁጥሩ ነበር። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድን መድኃኒት ከገበያ ይሰብሰብ ሲል በባች ቁጥር ነው የሚጠራው፤ መዝገቡ ከሌላችሁ ሱቁን ሙሉ ትፈትሻላችሁ።

ምን ይቀመጥ?

ከዳታቤዙ ሌላ የፕሮግራሙን መጫኛ ፋይል፣ የፈቃድ ቁልፉን፣ የደረሰኝ ማተሚያውንና የባርኮድ ማንበቢያውን ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባቸውን ፕሮግራም) በአንድ ፎልደር አኑሩ። አዲስ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ዳታው በእጃችሁ እያለ ፕሮግራሙን የሚጭን ጠፍቶ ሁለት ቀን መቀመጥ አለ፤ የሸጠላችሁ ሰው ስልክ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ በነፃ ላክልላችሁ፦ የኮምፒውተሩን ጀርባ ገመዶቹ እንደተሰኩ በስልክ ፎቶ አንሡት። ጽዳት የምታግዘን ልጅ አንድ ቀን ሁሉንም ነቅላ አጥባ ስታደራጅ ያ ፎቶ ነው ያዳነኝ።

እንዴት ይወሰድ?

የኛ ፕሮግራም እንደ ብዙዎቹ የሚጠቀመው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የሚባለውን ነፃ ዳታቤዝ ነው። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የዳታቤዙን ፋይል ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ መለጠፍ ባክአፕ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጭራሹን እንቢ ይላል፤ እሺ ብሎ ከተቀዳም ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ያልተጻፈ ፋይል ልታገኙ ትችላላችሁ። ባክአፕ ከፕሮግራሙ ውስጥ «ባክአፕ» በሚለው ትእዛዝ ወይም በዳታቤዙ በራሱ ትእዛዝ ይወሰዳል።

ነፃው ዓይነት በቀጠሮ የሚሠራ የራሱ ሰዓት ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ቴክኒሺያኑ ትእዛዙን አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ጽፎ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ያስይዘዋል። እዚያ ውስጥ «የተያዘው ሰዓት ካለፈ በተቻለ ፍጥነት አስጀምር» የምትል ምርጫ አለች፤ ሲያቋቁሙት ምልክት አይደረግባትም። እናንተ አስደርጉባት። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ቢያልፍ እንኳ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ይወስደዋል። ያን ጊዜ ይህችን ባውቅ ኖሮ የአባባ ብሬከር ምንም አይጎዳኝም ነበር።

የፋይሉን ስም በፈረንጅ ቀን አድርጉት፤ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ። እንዲህ ከሆነ ፎልደሩ ውስጥ በራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። በኛ ቀን ይሁን ብዬ አንድ ዓመት ሞክሬ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ጳጉሜን አያውቅምና እኔም ተደናገርኩ፣ እሱም ተደናገረ። የኛን ቀን የምጽፈው ካሸሩ ሥር ባለው ደብተር ላይ ነው፦ ቀን፣ የፋይሉ መጠን፣ ፊርማ። መጠኑን መጻፍ እንደ ቀላል አትዩት። ዳታቤዝ ከቀን ወደ ቀን ትንሽ ትንሽ ያድጋል። ትናንት 310 ሜጋባይት የነበረው ዛሬ 4 ሜጋባይት ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የት የት ይቀመጥ?

አንዱ ቅጂ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ነው። ይህ ለፈጣን ስሕተት ነው፤ ሌባ ወይም እሳት ቢመጣ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛው ቅጂ ፍላሽ ላይ ነው። እኔ ሁለት አሉኝ፤ አንዱ ቀይ ክር፣ ሌላው አረንጓዴ ክር ታስሮበታል። ቀዩ ሱቅ ሲያድር አረንጓዴው ቤቴ ያድራል፣ በማግስቱ ይለዋወጣሉ። ሁለት መሆናቸው ለጌጥ አይደለም። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ፍላሽም አብሮ ይቆልፋል፤ ቤት ያደረውን ግን አያገኘውም። ቅጂው እንዳለቀም የተሰካው ይነቀል። እነዚህ ፍላሾች ከሱቁና ለዚሁ ሥራ ከተለየ ንጹሕ ኮምፒውተር በቀር ሌላ አይነኩም። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ኢንተርኔት ቤት፣ የጎረቤት ላፕቶፕ፣ በጭራሽ! ፎልደሮችን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከፎቶ ኮፒ ቤት ስንት ጊዜ ይዘነው እንደመጣን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው በኢንተርኔት ነው። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ዳታቤዝ ሲጨመቅ በጣም ስለሚያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ጠዋት፣ በስልኬ ዳታ እልከዋለሁ። ሲጨመቅ ግን የይለፍ ቃል ይደረግበታል። የኛ መዝገብ ውስጥ ማን ምን መድኃኒት እንደወሰደ አለ፤ የሰው ሕመም ሜዳ ላይ አይጣልም። የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ በታሸገ ፖስታ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ካዝና ውስጥ ነው። እኔ ብታመም ወይም ሥራ ብለቅ መድኃኒት ቤቱ አብሮኝ መታመም የለበትም።

ፈተናው

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከፍላሹ ላይ የመጨረሻውን ፋይል ወስጄ ለዚሁ ብቻ በቆየ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ሦስት ነገር አያለሁ፦ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር በወረቀት ካለው ጋር ይገጥማል? የአሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም ካፕሱል ቀሪ ፋይሉ በተወሰደበት ማታ ደብተሩ ላይ ካሰፈርኩት ጋር እኩል ነው? የዱቤው ድምር ልክ ነው? አሞክሲሲሊንን የመረጥኩት ቀኑን ሙሉ የሚሸጥ ስለሆነ ነው፤ ስሕተት ካለ ቶሎ ያጋልጣል። እናንተ ግሮሰሪ ካላችሁ ዘይት ወይም ስኳር ይሁን። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ ስሞክረው ግን ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ዳታቤዝ ከሱቁ የቆየ ስለነበረ ፋይሉን አልቀበልም አለኝ። አሮጌው የአዲሱን ፋይል አይከፍትም። ይህን በሰላም ቀን ማወቅና ዲስክ በተሰበረ ቀን ማወቅ አንድ አይደለም።

የዕለት ተዕለቱ እንክብካቤ

አዳማ ሙቀትና አቧራ ነው። ኮምፒውተሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ይበል። በየሦስት ወሩ ከመብራት ነቅዬ፣ ጎኑን ከፍቼ በአየር መንፊያ አቧራውን አስወጣለሁ። ስትነፉ የአየር ማራገቢያውን በጣት ያዙት፤ በነፋሱ ኃይል በጣም ከተሽከረከረ ይጎዳል።

መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ አመጣጡም ክፉ ነው። ያልተረጋጋ ኃይል ይዞ ይመጣና የኃይል ሰጪውን ክፍል ይመታዋል። ስለዚህ እንደጠፋ ሶኬቱን እናጠፋለን፣ ከመጣም በኋላ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካላችሁ ሥራው የያዛችሁትን ደንበኛ ጨርሳችሁ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ማጥፋት ነው፤ ሱቅ ማስቀጠል አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር እሱ ላይ አትሰኩ። ባትሪው ያልቃል፤ ሙቀት ባለበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። በወር አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ከግድግዳ ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፉ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች እንደ ሳንቲም ክብ ባትሪ የኮምፒውተሩን ሰዓት የምትጠብቀው መብራት በሌለበት ነው። ሌሊት ሌሊት ብሬከር የሚወርድበት ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሥራዋ ብዙ ነው፤ ቶሎ ትደክማለች። ስትደክም ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሽያጩ በተሳሳተ ቀን ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙም ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ነው ብሎ ዝም ይላል። ጠዋት የመጀመሪያውን ደረሰኝ ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን ማየት ልማድ ይሁን።

የደረሰኝ ማተሚያው ነጭ መስመር ካሳየ ማተሚያውን አጥፍታችሁ፣ ጭንቅላቱ ሲቀዘቅዝ፣ በአልኮል በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። የሙቀት ወረቀት ይደበዝዛልና ልታቆዩት የምትፈልጉትን ዜድ ሪፖርት ፎቶ ኮፒ አድርጉት፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አታስቀምጡት። የታሸገውን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ግን እኔም፣ እናንተም፣ ጎበዝ የተባለ ቴክኒሺያንም አይከፍተውም። ሲበላሽ ለአገልግሎት ማዕከሉና ለገቢዎች ወዲያውኑ ማሳወቅ ነው።

ፊልም፣ ጨዋታ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሽያጭ ኮምፒውተር ላይ ቦታ የላቸውም። ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙም የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ያንን ማሽን ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት።

የተበላሸ ዕለት

ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ካለ አጥፉት። «እስቲ አንዴ ልሞክር» እያሉ አሥር ጊዜ ማብራት የቀረውንም ያስጨርሳል። እኔ ያን ቅዳሜ ሰባት ጊዜ አብርቼዋለሁ። ቀጥሎ፣ ፍላሹን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ቅጂውን ቅዱት። በድንጋጤ ጊዜ «ባክአፕ ውሰድ» እና «ባክአፕ መልስ» የሚሉት ሁለት አዝራሮች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱን ለሌላው ብትጫኑ ባዶው ዳታቤዝ በሙሉው ላይ ሊጻፍበት ይችላል። ከተመለሰ በኋላም የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር እዩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሽያጭ ከወረቀት መዝግቡ፣ ገንዘብ ተቀባይዋን ያን ጊዜ አስጀምሯት።

አባባ አሁንም ማታ ማታ ብሬከሩን ያወርዳሉ። ከማውረዳቸው በፊት ግን በሩ ላይ ቆም ብለው «ዶክተር፣ ፍላሹ ጨረሰ ወይ?» ይላሉ።